የአከርካሪ ማሟሻ

እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ይባላል። የእኔ እንቁላል ግን ከባሕር ዳር ወደ ነፋስ መውጫ የሄደው በቅጥቅጥ፣ ያውም ሞተር ላይ ተቀምጦ ነው። ሃያ አራት ፍሬ ነበር፤ አስኳሉ ለጎረቤት ሕፃናት ቀርቶ ነጩ ብቻ። ጨዋታውን ከዚህ ጀመርኩልህ እንጂ፣ ወዳጄ፣ ነገሩ ወደ ኋላ ይመለሳል። ሰው በሁዳዴ ጾም የእንቁላል ነጭ ተሸክሞ ወደ ጋይንት ለምን ይወጣል ብለህ ቡናህን ሳትጨርስ እንዳትነሳብኝ፣ አንዴ ቁጭ በልልኝ።

መነሻው አጎቴ ናቸው። የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ አያ እያልን ያደግን። ቤታቸው ከነፋስ መውጫ አለፍ ብሎ ወደ ጨጨሆ ከሚወስደው መንገድ ገባ ያለ ነው። ጀርባቸውን ያማቸው የጀመረው በመስከረም፣ ገብሱ ገና ሳይታጨድ ነበር። መጀመሪያ ድካም ነው ተባለ፤ ዕድሜውን ሙሉ ለሞፈርና ለማጭድ የታጠፈ ጀርባ ቢያም ምን ይገርማል? ቀጥሎ ብርድ ነው ተባለ። ነፋስ መውጫ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተቀምጣ ስሟን እንዲያው አላገኘችውምና ብርድ ነው ያለን ሰው ማን ይከራከረዋል? በኅዳር ደራ ወርደው ዋንዛዬ ፍል ውሃ ሳምንት ሰነበቱ። ሙቀቱ አሳረፋቸው፤ ደስ ብሏቸው ሲመለሱ ግን ሕመሙ ቀድሟቸው ቤት ገብቶ ጠበቃቸው። በጥር ሌሊት ሌሊት ላብ ያጠምቃቸው ጀመር። ቀበቷቸው ሁለት ቀዳዳ ወደ ውስጥ ገባ። ከጀርባቸው መሐልም አንዲት አጥንት እንደ ጉልቻ ብቅ አለች። የካቲት ሲያልቅ ልጃቸው ደወለችልኝና፣ "አባዬ ሊተኮስ ነው፤ ለደብረ ዘይት ማግስት ተቀጥሯል" አለችኝ።

መተኮስን ለአንተ አላስረዳም። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቃቸው የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ሽማግሌዎች ልብሳቸውን ሲያወልቁ ጀርባቸው ላይ የሳንቲም ያህል ጠባሳ ተሰልፎ አይቻለሁ። ማጭድ ወይም ወስፌ ፍም ውስጥ ይቀበራል፤ ሲቀላ ይወጣል፤ ሕመሙ ያለበት ቦታ ላይ ያርፋል። ሐኪም ቤት የቀናት መንገድ በነበረበት ዘመን ሰው ያለውን ነው የሞከረው፤ የቸገረው እርጉዝ ያገባል። እኔን ያስጨነቀኝ ቦታው ነው። ከዚያች ጉልቻ ከመሰለች አጥንት ሥር ኅብለ ሰረሰር አለ።

እኔ ባሕር ዳር በአንድ ትምህርት ቤት የቤተ ሙከራ ረዳት ነኝ። ዕቃ አጥባለሁ፣ ሚዛን አስተካክላለሁ፣ ለተማሪ ኬሚካል እለካለሁ። የአያ ነገር ሲመጣ ስለ እሳትና ስለ አከርካሪ ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ጀመርኩ፤ ማንበቡም ወደማላውቀው አገር ወሰደኝ። ካንሰር ከሌላ የሰውነት ክፍል ተነስቶ የአከርካሪ አጥንት ውስጥ ሲሰፍር ሐኪሞች ቀጭን መርፌ አጥንቱ ውስጥ ያስገባሉ፤ በመርፌው ጫፍ በኤሌክትሪክ ኃይል ሙቀት ይፈጥሩና እባጩን ያቃጥሉታል። እባጩ እንዲሞት 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይበቃዋል። ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ርቆ የሚገኘው ኅብለ ሰረሰር ግን ከ45 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ይጎዳል። ትንሿን ጣት የሚያህል፣ ርዝመቱ 45 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ገመድ ነው። እግር የሚራመደው፣ ሽንት የሚታዘዘው በእሱ ነው። አንዴ ከተቃጠለ እንደ ቆዳ አይሽርም።

ታዲያ መርፌው ስንት ደቂቃ ቢቆይ ሙቀቱ እስከ የት ይዘልቃል የሚለው በማን ላይ ይሞከር? ለዚህ ብለው ሰው ሠራሽ አከርካሪ ይሠራሉ። አጥንቱን ከፕላስቲክ አረፋ፣ ሥጋውን ከጄላቲን፣ ከባሕር አረም ከሚገኘው አጋር ወይም ፖሊአክሪላማይድ ከሚባለው ሰው ሠራሽ ረጊ ነገር ያበጁታል። ውስጡ ቀጫጭን የሙቀት መለኪያ ሽቦ ይቀብሩበትና እሳቱን ይለቁበታል። ይህ ነገር ቢቃጠል የሚያለቅስለት የለም፤ ስህተቱ ሁሉ እሱ ላይ ያልቃል። ሙቀት ደግሞ በዲግሪ ብቻ አይለካም፣ በጊዜም ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ሳፓሬቶና ዲዊ የተባሉ ሁለት ሰዎች ያወጡት ስሌት እስከ ዛሬ ይሠራበታል፤ ከ43 ዲግሪ በላይ ሙቀቱ አንድ ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ያንኑ ጉዳት ለማድረስ የሚፈጀው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። በ43 ዲግሪ 60 ደቂቃ የሚፈልገው በ44 ዲግሪ 30፣ በ45 ዲግሪ 15 ደቂቃ ይበቃዋል። ይህን "በጊዜም ነው" የሚለውን ቃል ልብ በልልኝ፤ እኔ አንብቤው አልፌዋለሁ፣ በኋላ ግን አደባባይ ላይ ጠብቆ ያዘኝ።

ከሁሉም ልቤን የወሰደው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የጃፓን ተመራማሪዎች ፖሊአክሪላማይድ ውስጥ የእንቁላል ነጭ ቀላቅለው የሠሩትን አሳተሙ። የእንቁላል ነጭ 60 ዲግሪን አልፎ ሲሞቅ ይነጣል፤ ስለዚህ ያ ብርሃን የሚያሳልፍ ነገር እሳቱ የት ድረስ እንደገባ ራሱ ላይ ጽፎ ያሳያል። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። አያ ቃል አይሰሙም፣ ዓይናቸውን ግን ያምናሉ፤ ይዤላቸው ልሂድ፣ እሳቱ ሲገባ ይዩት አልኩ። ልብ ካላየ ዓይን አያይም የሚለውን ተረት ረስቼው ነበር፤ የማላየውም ልብ የእኔው መሆኑ አልታሰበኝም።

ከዚህ በኋላ ያለው ድካም ሁሉ የእኔ ነው። ፖሊአክሪላማይድ ከየት አባቴ አምጥቼ? አጋር ተገኘ፣ ጄላቲን ከሱቅ ገዛሁ፣ እንቁላል በሁዳዴ ርካሽ ነው። የደረት አከርካሪ አጥንቶች 12 ናቸውና አሥራ ሁለት የጄሶ አጥንት ቀረጽኩ፤ እያንዳንዳቸውን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩ፣ መሐላቸውን በጣቴ ልክ በሳሁ። ቢጫ ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን በቁመቱ ሰነጠቅኩና መሐሉ ላይ አጥንቶቹን ልደረድር ስል የሚበቃው ለአራት ብቻ ሆኖ ተገኘ። ስምንቱን በጨርቅ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ለምን እንደያዝኳቸው እኔም አላውቅም፤ የደከሙበትን ነገር መጣል ይከብዳል።

አጋር እስኪፈላ ካልሞቀ አይሟሟም። ድስቱን ከምድጃ አወረድኩና በትኩሱ አሥራ ሁለት የእንቁላል ነጭ አፈሰስኩበት፤ ዓይኔ እያየ ድስት ሙሉ ፍርፍር ሆነ። ያንን ደፋሁና ሃያ አራት እንቁላል እንደገና ገዛሁ። በሁለተኛው ጊዜ ቴርሞሜትር ይዤ እንደ እናት ድስቱ ላይ ተቀመጥኩ። 50 ዲግሪ ሲደርስ ቀላቀልኩ፤ ቀድመህ ብትጨምር እንቁላሉ ይበስልብሃል፣ ዘግይተህ ወደ 40 ቢወርድ አጋሩ ራሱ ይረጋብሃል። ኅብለ ሰረሰሩን ከጄላቲን ሠራሁት፤ ቀይ የኬክ ቀለም አገባሁበት። ጄላቲን 35 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። ሙቀቱ እስከ ኅብለ ሰረሰር ከደረሰ ቀይ ውሃ ሆኖ ይወርዳል፤ አያ ያን ሲያዩ ይበቃቸዋል፣ ማጭዱን አስጥለው ሐኪም ቤት ይከተሉኛል አልኩ።

ሞክሬዋለሁም። በትንሽ ኩባያ ለብቻው በሠራሁት ላይ የብየዳ ካውያ አስደግፌ አንድ ሰዓት ሙሉ ተውኩት። ነጩ ቀስ እያለ ወረደ፣ ቀዩ ቀልጦ ፈሰሰ። እሰይ አልኩ። ማጭድ ሰው ጀርባ ላይ አንድ ሰዓት እንደማይቀመጥ፣ ሦስት ትንፋሽ እንኳ እንደማይቆይ ያን ጊዜ አልታየኝም። የምፈልገውን መልስ ስላገኘሁ ጥያቄውን ዘጋሁት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

የደብረ ዘይት ዋዜማ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ መናኸሪያ ደረስኩ። ረዳቱ በፌስታል የተጠቀለለውን ጀሪካን እያየ "ይሄ ምንድነው?" አለኝ። "የአጎቴ ጀርባ ነው" አልኩት፤ ሌላ ቃል አልመጣልኝም። ለአፍታ አየኝና ምንም ሳይል ተቀብሎኝ እንዳይነቃነቅ ብሎ ሞተሩ ላይ አመቻችቶ አስቀመጠው። አመሰገንኩት። ሐሙሲትን አልፈን ፎገራ ሜዳ ስንገባ የመጋቢት ፀሐይ ከላይ፣ ሞተሩ ከሥር። የቅጥቅጥ ሞተር ክዳን ከወረታ በኋላ እጅ አያስነካም። ጄላቲን 35 ዲግሪ አካባቢ እንደሚቀልጥ ከዚያ መኪና ውስጥ የሚያውቅ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እኔ ደግሞ ተኝቼ ነበር።

የቀሰቀሰኝ "ደም! ደም!" የሚል የሴት ድምፅ ነው። ከሞተሩ ጎን አንድ አዛውንት ቄስ ተቀምጠዋል፤ ለበዓሉ የታጠበ ነጭ ጋቢያቸው ከጉልበታቸው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው በቀይ ርሷል። ሹፌሩ አለምበር ዳገቱ ሥር አቆመ። ሁሉም ወረደ። ፌስታሉ ሲፈታ እዚያ ቢጫ ጀሪካን ውስጥ አጥንት ይታያል፣ በዙሪያው ሥጋ የመሰለ ነገር፣ ከመሐሉ ቀይ። "በጾም ሥጋ!" አለ አንዱ። "ሥጋ አይደለም፣ እንቁላል ነው" አልኩ፤ ጾሙን ለማዳን ብዬ ነው። "ቀዩስ?" አሉኝ። ውሸት አልለመድኩምና "ከከብት ቆዳና አጥንት የሚወጣ ነው" አልኩ። ከዚያ ወዲያ የተባለውን ሁሉ አልነግርህም። እኔ ከመንገድ ዳር ካለች ምንጭ ቁልቁል ጎንብሼ የቄስ ጋቢ አጥባለሁ፤ ሠላሳ የሚሆን ሰው ዳገቱ ላይ ቆሞ ያየኛል፤ ጥሩምባው በየመሐሉ ይጮሃል። ባሸሁት ቁጥር ቀዩ እየሰፋ፣ እየሳሳ ሄደ፤ በመጨረሻ ጋቢው ከግማሽ በታች የጽጌረዳ መልክ ይዞ ቀረ።

እርጥቡን ጋቢ በሁለት እጄ ይዤ ስመለስ ቄሱ "ልጄ፣ ይህን ሁሉ የምትደክመው ለማን ነው?" አሉኝ። ነገርኳቸው። የአያን ላብ፣ የአያን ቀበቶ፣ ጉልቻ የመሰለችውን አጥንት። ጋቢውን ተቀብለው እንደ ረጠበ ለበሱትና "በል ግባ፤ እግዚአብሔር ይማራቸው" አሉ። እሳቸው ከገቡ በኋላ ማንም ቃል አልተናገረም። ጀሪካኑን እስከ ነፋስ መውጫ ጭኔ ላይ ይዤው ሄድኩ። ደብረ ታቦር ስንደርስ ወደ ጋፋት አቅጣጫ ዓይኔን ጣልኩ፤ አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩት እዚያ ነው። የነሐስ ቀላጭ እንኳ እሳቱን ከመልቀቁ በፊት ባዶ ቅርጽ ያበጃል እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። በክምር ድንጋይ አልፈን የጉና ብርድ ሲመታን አጋሩ ጠነከረ። ኅብለ ሰረሰሩ ግን የለም። ባዶ ቀዳዳ ብቻ ይዤ ነው የገባሁት።

አክስቴ፣ የአያ ባለቤት፣ ጀሪካኑን ከእጄ ተቀብላ ከመደብ ላይ አስቀመጠችውና ፌስታሉን ገለጥ አድርጋ አየችው። ስለ ሴት ልጅ አንጀት ልንገርህ አልችልም፤ አልሳቀችም፣ አልደነገጠችም። "ምን ብለህ ነው የሠራኸው ልጄ?" አለችኝ። "እትዬ፣ ሰው በእሳት ከመነካቱ በፊት እሳቱ የሚሞከርበት ነው" አልኳት። "ማሟሻ ነዋ!" አለች።

ወር ሙሉ ስም ስፈልግለት ነበር። ምስለ አካል ብዬ ጽፌ ሰርዤአለሁ። አክስቴ በአንድ ቃል ጨረሰችው። ምጣድ ሲጣድ የመጀመሪያዋ እንጀራ ለመብል አይደለችም፤ ትቀደዳለች፣ ትጣበቃለች፣ ወይ ጥሬ ወይ ያረረች ትሆናለች፣ ለውሻ ትሰጣለች። ግን እሳቱ ከየት በኩል እንደበዛ፣ ምጣዱ የት ላይ እንደቀዘቀዘ የምትናገር እሷ ናት። እሷን ያላየች ሴት ሊጡን ሁሉ ታበላሻለች። ከጃፓን እስከ ጋይንት ያለው ጥበብ አንድ ነው፤ ለማይመለሰው ነገር የሚጣል ነገር ይቅደምለት ማለት ነው።

ሰኞ ጠዋት ተኳሹ ከስማዳ፣ ከወገዳ በኩል በበቅሎ መጡ። እኔ የጠበቅሁት ሌላ ሰው ነበር። ያገኘሁት ንጹሕ ለባሽ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ ገንዘብ የማይቀበሉ ሽማግሌ ነው፤ ሙያውን ከአባታቸው የወረሱ። ጎረቤት ተሰብስቧል። አክስቴ በጓዳው በር በኩል ምጣድ ጥዳለች። አያ አግዳሚ ወንበር ላይ በደረታቸው ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ቀጥ ብሎ መቀመጥ አቅቷቸዋል። እኔ ጀሪካኑን መሐል አደባባይ አስቀመጥኩና ተናገርኩ። ስለ 45 ዲግሪ ተናገርኩ፣ ስለ ገመዱ ተናገርኩ፣ ስለ ጃፓን ተናገርኩ። "አባባ፣ እባክዎን፣ መጀመሪያ ይህን ይተኩሱልኝ፤ እሳቱ አጥንቱን አልፎ ሲገባ ሁላችሁም ታዩታላችሁ" አልኩ። የሙቀት መለኪያውን ሽቦ ባዶው ቀዳዳ ውስጥ ከተትኩ፤ ጠዋት ነበርና 14 ዲግሪ አለ።

ሽማግሌው ማጭዱን ከፍሙ አወጡ። ጫፉ የበሰለ ቲማቲም መስሏል። አጋሩ ላይ አሳረፉት፤ ጭስ ወጣ፣ የተጠበሰ እንቁላል ሽታ ግቢውን ሞላው፣ ጿሚው ሁሉ ፊቱን አዞረ። ሦስት ትንፋሽ ያህል ቆዩና አነሱት። መለኪያውን አየሁ። 14 ይላል። ነካ ነካ አደረግኩት፤ 14። ጠበቅን። አሥር ደቂቃ፣ አሥራ አምስት ደቂቃ፤ 14። ቢላ አምጡ አልኩ፤ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ማጭዱ ባረፈበት ቦታ ቁልቁል ቆረጥኩት። ላዩ ላይ ጥቁር፣ ከጥቁሩ ሥር የሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ነጭ፣ እንደ ጥፍር የሳሳ። ከዚያ በታች ያለው አራት ሳንቲ ሜትር እንዳለ ነው። አጥንቷ ጋ ምንም የደረሰ ነገር የለም። እንዲህ ባለ ረጊ ነገር ውስጥ ሙቀት አራት ሳንቲ ሜትር ለመዝለቅ ሰዓት ሊሞላ ምንም አይቀረውም። በጊዜም ነው ብለውኝ ነበርኮ።

ሽማግሌው ቁራጩን አንስተው በፀሐይ አዩት። "ለካ እሳቴ ከቆዳ አያልፍም" አሉ፤ ደስ አላቸው፣ ክፋት የሌለበት ደስታ። "አርባ ዓመት ስተኩስ ሰው ሽባ አድርጌ እንዳይሆን እያልኩ ሌሊት የምጨነቅ ሰው ነኝ። እግዜር ይስጥህ ልጄ፣ አሳረፍከኝ።" ሰዉ አጨበጨበ። አያ ከአግዳሚው ላይ ሆነው "እንግዲህ ምሁሩም መሰከረ፤ በል አባቴ፣ ብረትህን አግል" አሉ፤ እጃቸው ሸሚዛቸውን መፍታት ጀመረ።

እንዴት ብዬ ልንገርህ? ከባሕር ዳር ድረስ የመጣሁት ይህን ላስቆም ነበር። አሁን አደባባይ መሐል ቢላ ይዤ ቆሜያለሁ፣ በገዛ እጄ የሠራሁት ምስክር ለሌላው ወገን መስክሯል። ምስክሩ ውሸታም ነው ልል አፌን ከፈትኩ። ይህ ደም የለውም፣ የሰው ሥጋ ደም ስላለው ሙቀቱን እያጠበ ይወስደዋል ልል ነበር፤ ግን ያ ራሱ ለሽማግሌው ነው የሚያግዘው። አፌን ዘጋሁ። እውነት ነው ያየነው። ቁስሉ ያመረቅዛል፣ ቴታነስ ያመጣል ማለት እችል ነበር፤ እሱም እውነት ነው፤ በዚያች ሰዓት ግን አንድም ቃል አልወጣኝም።

የተናገረችው አክስቴ ናት። ከምጣዱ ቀና አለች፤ እጇ ሊጥ እንደሆነ። "አያ፣ ሕመሙ ላይ ላይ ነው ወይስ ውስጥ ውስጡን?" አለች። አያ ሸሚዛቸውን መፍታት ትተው "ውስጥ ነው እንጂ፤ አጥንቴ ውስጥ ነው፤ ሌሊት የሚቆረጥመኝ" አሉ። አክስቴ ዘወር ብላ ሽማግሌውን አየች። "ማሟሻው እንግዲህ ተናገረ፤ እሳቱ ውስጥ አይደርስም። ላይ ቀርቶ ውስጡን በምን ሊያድነው ነው አባቴ?" አለች። መልስ አልጠበቀችም፤ አክንባሎውን ከፈተች፣ እንጀራው በስሎ ነበር።

ግቢው ጸጥ አለ። ሽማግሌው ቁራጩን ደግመው አዩት፤ ነጩን በአውራ ጣታቸው ጥፍር ለኩት። ከዚያ ተነስተው አያ አጠገብ ሄዱና ጉልቻ የመሰለችውን አጥንት በሁለት ጣታቸው ዳሰሷት፤ ከላይ ወደ ታች፣ እንደገና ከታች ወደ ላይ። "እኔ እስከ ዛሬ ቆዳውን እንጂ ውስጡን አይቼ አላውቅም" አሉ። "ይቺ የእኔ አይደለችም። አጥንቷን የሚያይ ጋ ውሰዱት።" ማጭዱን ውሃ ውስጥ ከተቱት። ያ የፉሽታ ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። በማግስቱ ወደ ሐኪም ቤት ስንወርድ አያን በበቅሏቸው እስከ አስፋልት ያደረሱልን እሳቸው ናቸው።

ራጁ ላይ ሁለት አጥንቶች ነቀዝ እንደበላው እንጨት ተቦርቡረዋል። የአከርካሪ ቲቢ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1779 እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ፐርሲቫል ፖት የጀርባ አጥንት ጎብጦ እግር ሽባ የሚሆንበትን ይህን በሽታ ጽፎታልና እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል፤ ተህዋሱን ያገኘው ሮበርት ኮክ ነው፣ በ1882። ሳል የለውም ብለን ቲቢን አላሰብነውም ነበር። ሌሊት የሚያጠምቀው ላብ፣ የጠበበው ቀበቶ፣ ጉልቻዋ፣ ሁሉም ሲናገሩ ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ አያ አልደበቁም፣ እኛ ነን ያላነበብነው። ዘግይተው የሚመጡት ብዙ ናቸው። አዲስ አበባ ውስጥ ለረጅም ዓመታት የጀርባ ሕሙማንን ሲያክም የኖረው አሜሪካዊው ዶክተር ሪክ ሆድስ አከርካሪያቸው በዚሁ በሽታ የታጠፈ ሁለት ኢትዮጵያውያን ልጆችን አሳድጓል፤ በርካታ ወጣቶችንም ጋና ድረስ ለቀዶ ሕክምና ልኳል። የአያ ገመድ ገና አልተነካም ነበር፣ እግራቸው ይታዘዛል። መድኃኒት ብቻ ይበቃቸዋል ተባለ። ሁለት ወር አራት ዓይነት፣ ከዚያ አሥር ወር ሁለት ዓይነት፤ በነጻ፣ ግን አንድ ቀን ሳይቋረጥ። አሥራ ሁለት ወር።

አያ ሐኪሙን ሰምተው ዝም አሉ። ከበሩ ስንወጣ "ዓመት ሙሉ ክኒን እንዴት ይቆጠራል?" አሉኝ። ያኔ ነው ቦርሳዬ ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለሉት ስምንቱ የጄሶ አጥንቶች ትዝ ያሉኝ። ቤት ስንመለስ ከጀሪካኑም አራቱን አወጣሁ፤ አጋሩን ዶሮዎቹ በልተው አክስቴ ቢጫውን ጀሪካን ውሃ መጠጫ አደረገችላቸው። አሥራ ሁለቱን አጥንቶች በመስኮቱ ግራ በኩል ደረደርኳቸው። አንድ ወር ሲሞላ አንዷ ወደ ቀኝ ትሻገራለች። ስደውልላቸው ስለ ጤናቸው አልጠይቅም፤ "አጥንቱ ስንት ደረሰ?" ነው የምለው። በሐምሌ "አራት ተሻገሩ፤ ላቡ ቆመ" አሉኝ። በጥቅምት ሰባት ነበሩ፤ ገብስ አጨዳ ላይ ቆመው ይቆጣጠራሉ፣ ቀበቷቸው አንድ ቀዳዳ ተመልሷል።

እኔ ያን ነገር የሠራሁት አያን ለማሳመን ነበር፤ አክስቴ ግን የጠየቀችው እንደ ማሟሻ ነው፤ ምን አየህ ብላ። ለዚህ ነው እሷ የሰማችውን እኔ ያልሰማሁት። አሁን ቤተ ሙከራ ውስጥ ተማሪ ሙከራው እንቢ አለኝ ብሎ ሲመጣ፣ እንቢ ያለውን ቁጭ ብለህ ስማው እለዋለሁ።

በዓመቱ፣ መጋቢት ላይ፣ ልጠይቃቸው ወጣሁ። ጀርባቸው እንደጎበጠ ቀርቷል፤ ያ አይመለስም። ሕመሙ ግን የለም። አሥራ አንዱ አጥንቶች በቀኝ ተሰልፈዋል። አሥራ ሁለተኛዋን አያ ራሳቸው አነሱና ወደ ቀኝ ከማሻገር ይልቅ መዳፌ ላይ አስቀመጧት፤ "ይቺ ማጭዱ ሥር የነበረችው ናት፤ አንተ ያዛት" አሉኝ። ጠረጴዛዬ ላይ አለች። አንዳንዴ አነሳትና አገላብጣታለሁ። የእሳት ምልክት የለባትም።